አስማረ የቀባት ቮልስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት የገዛቻትን መኪና ቀለሟን ለማስጠበቅ ስትሄድ፣ አራዳ ወዳለው ሱቅ አብሬያት ሄድኩ። የሱቁ ወጣት ከትንሽ ጠርሙስ የቀለም መጠበቂያ ፈሳሽ ስፖንጅ ላይ እያንጠባጠበ ኮፈኑን በስሱ ቀባው። ሁለተኛው ድርብ የሚቀባው የመጀመሪያው በደንብ ሲደርቅ መሆኑን፣ እስከዚያም ፀሐይም ውሃም ሊነካው እንደማይገባ አስረዳን። የምትጠይቀው ልጄ ብቻ ናት። አርባ ዓመት መኪና ስቀባ የኖርኩ ሰው አንድ ቃል አለመተንፈሴ ሳይገርማት አልቀረም። እኔ ግን ሐሳቤ ከጎንደር በላይ ደጋው ላይ፣ ኮሶዬ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አስማረ ከሚባል የኮሶዬ ልጅ ጋር ጎንደር በአንድ ጋራዥ ቀለም ቀቢዎች ነበርን። አስማረ ባለቤቷ የጣላትን ቮልስ ገዝቶ፣ እሁድ እሁድ እየጠገነ፣ በመጨረሻ ቀለሟን ራሱ ቀምሞ ቀባት። ከክረምት በኋላ በደጋው የተልባ ማሳ ሲያብብ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፤ ሰማያዊ ነው፣ ግን ሰማያዊ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከምን ከምን እንደቀላቀለው ብጠይቀው ስቆ አለፈኝ። እኔም አጥብቄ አልያዝኩትም፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ። በዓመቱ ኩላሊቱን ታመመና ሞተ።

ቮልሷን አባቱ አያ ዘለቀ በሰው አስነድተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። እሳቸው መንዳት አይችሉም፤ ከባሕር ዛፉ ሥር አቆሟት። ሦስት ክረምት ዝናብና በረዶ ወረደባት፣ በበጋው ፀሐይ በላት። መስከረም ላይ ጋራዡ ድረስ መጡና፣ ቀለሙ እየሄደ መሆኑን፣ የሚያቆየው ነገር እንዳለ ከሰው መስማታቸውን ነገሩኝ። አዲስ ቀለም አልፈለጉም። የፈለጉት አስማረ የቀባው እንዲቆይላቸው ነው። እኔም ሰም እንደሚያቆየው ነገርኳቸው፤ ሳላያት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቆርቆሮ ሰምና ነጭ ጨርቅ ይዤ የደባርቅ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወለቃን አልፈን ሽቅብ ስንያያዘው ብርዱ በመስኮቱ ይገባ ጀመር። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ የመንገዱ ዳር አደይ ለብሷል። ስደርስ የአያ ዘለቀ ባለቤት ትኩስ ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልኝ። ሳልጨርሰው ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

ነገሩ የገባኝ ሳጥባት ነው። የቀለሙ ላይ ላዩ ዱቄት ሆኗል። ሰም ደግሞ ዱቄት ላይ አይዝም፤ መጀመሪያ የሞተውን ፈትጎ ማንሳት ያስፈልጋል። አንዱን በር ፈተግሁ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ።

አያ ዘለቀ አጠገቤ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። "ምነው ቀለሙ ወደ ጨርቁ ዞረ?" አሉኝ።

"የሞተው ነው አያ። እሱ ሲነሣ ከሥሩ ጤነኛው ይወጣል።"

እውነቴን ነበር። አንድ ድርብ ሰም ቀብቼ፣ ሲደርቅ ስወለውለው በሩ አስማረ የቀባው ዕለት የነበረውን መሰለ። አያ ዘለቀ ተነሥተው ቀረቡ፤ ፊታቸው በሩ ላይ ታየ። "ሸጋ ነው" አሉ ፈገግ ብለው።

እዚያው አድሬ በማግሥቱ ኮፈኑን ያዝኩ። ሽቅብ የሚያይ ስለሆነ ፀሐይና በረዶ ከሁሉ የጎዱት እሱን ነው። ያን ቀን ጭጋግ ወርዶ የቀባሁት ሰም አልደርቅ አለ፤ እንደ አጓት ነጥቶ ቀረ። መጠበቅ ነበረብኝ። የትናንቱን ፊታቸውን ደግሜ ለማየት ጓጉቼ ግን ጠንከር አድርጌ ፈተግሁት። ከጨርቁ ሥር መዳፍ የሚያህል ቀይ ብቅ አለ፤ ለዝገት መከላከያ ከታች የሚቀባው ቀለም ነው። እጄን አነሣሁ። ዙሪያው ስስ ነው፤ ብነካው ይሰፋል፣ ብተወው ዝናብ ይገባበታል። የሚሸፍነውን ቀለም መቀመም የሚያውቀው ደግሞ አስማረ ብቻ ነበር።

"አበላሸሁት አያ" አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ቀዩን አዩት። "ከእንግዲህ አትፈትጋት፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የቀረውን ሰም ተቀበሉኝና በመዳፋቸው፣ የሕፃን አናት ቅቤ እንደሚቀባ ቀስ እያሉ፣ መኪናዋን ዙሪያዋን ይቀቡ ጀመር። ዱቄት ላይ የተቀባ ሰም እንደማይበረክት አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም። ጎንበስ ብዬ እሳቸው የማይደርሱበትን ከታች ከታች ቀባሁ።

ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ ያን ቀለም ስቀምም ስደፋ ከረምኩ። ለገና የቀረበ የመሰለኝን በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ቀብቼ ወሰድኩላቸው። በሩ ላይ ደግፈው አስተያዩት። "ደህና ቀለም ነው፤ የእሱ ግን አይደለም" ብለው መለሱልኝ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ዘመዶቻቸው ቮልሷን ሸጧት። የት እንደገባች አላውቅም።

የአራዳው ወጣት መኪናዋን ሁለት ቀን ትተንለት እንድንሄድ ነገረንና ምሳ ልንበላ ወጣን። ሕይወት ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ፤ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ምግቡ ፊታችን ቀዘቀዘ። ስጨርስ፣ "ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብህ፣ አባዬ?" አለችኝ።

ስለ ቀለም ሰው ሲጠይቀኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። ምን ሲነካው እንደሚደበዝዝ፣ ስንት ድርብ እንደሚበቃው፣ መቼ መተው እንደሚሻል እናገራለሁ። 

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አልኳት።