አጥንቴ የቀረበት መንገድ

ቁርጤን ላውቅ ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ በጠዋት ተነሳሁ። ከወራት በፊት ከመቂ ሽንኩርት ጭነን ስንመለስ አይሱዙው ተገልብጦ የቅልጥሜ አጥንት ሥጋዬን ቀዶ ወጣ፤ ቁራጩም እዚያው አስፋልት ላይ ቀረ። መጀመሪያ ያዩኝ ሐኪም «የጎደለው ብዙ ነው፣ እግሩ ይቆረጥ» አሉ። እምቢ አልኩ። በኋላ ሻሸመኔ ያገኘሁት ሐኪም ግን እግሬን በብረት ቀለበቶች አሰረው። ጤነኛውን አጥንት ከላይ ቆርጦ፣ በየቀኑ የቀለበቶቹን ዳዶ እያዞርኩ የተቆረጠውን ወደ ጉድለቱ እንድስብ የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ሰጠኝ። ከኋላው አዲስ አጥንት ይበቅላል ብሎኛል። መብቀሉ ዛሬ በራጅ ይታያል፤ ካልበቀለ እግሬ ይቆረጣል።

መናኸሪያ

ረዳቱ የእግሬን ብረት አይቶ «እትዬ፣ ከኋላ ይሁኑ፣ ብረቱ ሰው ያጨናንቃል» አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን መኪናው እንዳያመልጠኝ ገባሁ። የሚያየኝ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ይላል። አሜን ማለት ሰለቸኝ።

ዓለም ጤና

ሽንኩርት ሻጮቹ ጋ ቆመን ሞተሩ አልነሳ አለ። የባትሪው ገመድ ላልቷል። ሾፌሩ ዕቃውን ሁሉ በትኖ «ቁጥር አስር ቁልፍ ያለው አለ?» አለ። ከቦርሳዬ አወጣሁለት።

«እትዬ፣ መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«የእግሬ መካኒክ ነኝ። የቁልፉ ኪራይ የፊት ወንበር ነው።»

አጠገቤ የነበሩት የሁሩታ እህል ነጋዴ ሳቁ። ሾፌሩም ገመዱን አጥብቆ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ «ገለቶማ» ብሎ አመሰገነኝና ደግፎ ከፊት አስቀመጠኝ። ወደ መቂ ስንቃረብ የተገለበጥንበትን ኩርባ አፍጥጬ አየሁት። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ፊቴን ግን አላዞርኩም። ባቱ ላይ ዓሣ ጥብስ በላሁ።

ሻሸመኔ

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳው። ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ስስ ደመና የመሰለ ነገር አለ።

«አዲሱ አጥንት ነው፤ እየጠነከረ ይሄዳል። ታች መጋጠሚያው እምቢ ካለ ከዳሌዎ አጥንት ወስደን እንሞላለን።»

«ይውሰዱ ዶክተር፣ ዳሌ አልጎደለኝም።»

ከዛሬ ጀምሮ በክራንች ተደግፌ እንድረግጥበት አዘዘኝ።

አዳማ

ማታ መናኸሪያ የጠበቀችኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ «ይቆረጥና በሕይወት ኑሪልን» ብላ አልቅሳብኝ የነበረችው።

«ነይ ልሸከምሽ።»

«ዞር በይ» አልኳት።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ «አይሆንም» የሚል ሰው ሁሉ ሞክሮ እንዳላየው ነው። ክራንቼን ተክዬ ከመኪናው ወረድኩና በእግሬ መሬቱን ረገጥኩ። አመመኝ። ያመመኝ የራሴ እግር ነው።