የአባቴ የለቅሶ ግጥሞች

ዝናብ የዶርማችንን የመስኮት ብረት ጠብ ጠብ እያለ ሲመታው የአባዬ ጣት ድምፅ ይመለስብኛል። አባዬ ግጥም ሲያስብ በሌባ ጣቱ የወንበሩን መደገፊያ እየመታ የስንኙን ምት ይለካ ነበር፤ መታ መታ አድርጎ ያርፍና፣ ቃሉ እምቢ ሲለው ራሱን ነቅንቆ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳ ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ምቱ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ሲደርስለት ከእሱ እኩል እደሰት ነበር።

ቤታችን ታቦር ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ነበር። አባዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲተይብ የሚውል ሰው ቢሆንም፣ ሰፈሩ ጋሽ ማቴዎስን የሚያውቀው በለቅሶ ነበር። ሰው የሞተበት ቤተሰብ ሁሉ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚያጽፈው እሱን ነበርና፣ በተለይ ክረምት ላይ ብርዱ በአዛውንቶቹ ሲበረታ፣ አንዱ ጃንጥላውን አጥፎ በራችንን ሲያንኳኳ፣ እማዬ ገና ሳይናገር «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ግቡ» ትል ነበር። አባዬ ለቅሶ ቤት ሄዶ ከቤተሰቡ ጋር ሲቀመጥ፣ የትውልድ ዘመኑንና የሥራውን ነገር ቶሎ ጨርሶ፣ «ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? ምን ያስቃቸው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ስለነበር፣ ሲያለቅሱ የቆዩ ሰዎች ድንገት ሲስቁ አይቻለሁ። ከሰማው ነገር ጥቂት ስንኞች ሠርቶ በሕይወት ታሪኩ መጨረሻ ላይ ያስገባና፣ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ራሱ ያነበው ነበር። ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ሲነበብ እርስ በርሱ ሲያንሾካሹክ የቆየው ሕዝብ፣ ግጥሙ ላይ ሲደርስ ጸጥ ይል ነበር።

ሲጨርስ ወረቀቱን እዚያው ለሟች ቤተሰብ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ማቴ፣ አንዷን እንኳ ለእኛ ብታስቀር ምን አለበት?» ትለው ነበር እማዬ።

«የሰው ለቅሶ ቤቴ አስቀምጬ ምን ላደርገው?» ይላትና ይስቅ ነበር። ነገር ግን ሬዲዮ ላይ ግጥም ሲነበብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ነበር፤ አልቆ የገጣሚው ስም ሲጠራም፣ ያንን ስም ቀስ ብሎ በአፉ ይደግመው ነበር።

በአንዱ መስከረም፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ገበያ ዓሣ ይሸጡ የነበሩት ጎረቤታችን እማማ ብዙነሽ አረፉ። አንድ ልጃቸው በረከት ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባዬን ተከትዬ ሄጄ ነበርና ትዝ ይለኛል፤ በረከት ግድግዳ ተደግፎ፣ ለተጠየቀው ሁሉ ራሱን ብቻ ሲነቀንቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ጎህ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ ስትወርድ በር ላይ ቆማ ትጠራኝ ነበር፤ ተነስተህ በሩን ዝጋ ለማለት። ዛሬም ነቃሁ» አለ። አባዬ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም። በማግስቱ መቃብሩ ላይ ያነበበው ይህንን ነበር፦

ሐይቁ ዛሬም አለ ጀልባውም ይመጣል፣
ገበያው ይደራል ሰው ሁሉ ይሸምታል፤
አንቺን የለመደ ጆሮ ብቻ ቀርቶ፣
ማነው የሚጠራኝ ይላል ጎህ ሲል ነቅቶ።

በረከት አክስቱ ዘንድ አድጎ፣ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ጀመር። ጥቂት ዓመታት አገልግሎ ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎች መጫወት ሲጀምር ግን፣ ምእመኑ «ዓለም ገባ» ብሎ ስሙን ከጸሎት ርዕስነት በቀር አያነሳውም ነበር።

ከዚያ የዘመን መለወጫው በዓል ፍቼ በደረሰበት ሰሞን፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሲጎርፍ፣ በየባጃጁ አንድ አዲስ ዘፈን ይሰማ ጀመር። ከእማዬ ጋር ከገበያ ስንመለስ በተሳፈርንበት ባጃጅ ውስጥ «ማነው የሚጠራኝ» የሚለው ሲመጣ፣ እማዬ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። አራቱም መስመሮች ነበሩ፣ አንድ ቃል ሳይለወጥ።

«ይሄ በረከት የሚሉት ልጅ ገደለን እኮ!» አለ ሹፌሩ። «ምን ዓይነት ፍቅር ቢይዘው ነው?»

እማዬ ወደ ውጭ ዞራ ሳቀች፤ ዓይኗን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

በዚያው ሳምንት በረከት ራሱ ቤታችን መጣና፣ ተቀመጥ ቢባልም ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ሳላስፈቅድዎ ነው የዘፈንኩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሬዲዮ ጣቢያ ለቃለ መጠይቅ ጠርተውኛል። ግጥሙ የማነው ሲሉኝ ስምዎን ልጥራ?» አለው።

እኔ በልቤ «እሺ በል፣ እሺ በል» እያልኩ እጸልይ ነበር።

«ተው ልጄ» አለ አባዬ በመጨረሻ። «እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ስሜ በዘፈን ከተጠራ ከአገልግሎት ያግዱኛል። ከዚያ ለቅሶ ላይ ማን ያቆመኛል? የእኔ መጻፊያ እዚያ ብቻ ነው።»

«ታዲያ የማነው ልበል?»

«የእናትህ ነው በል። ለእሷ ሰጥቻታለሁ።»

እስከ በሩ ሸኝቶት ከቆመ በኋላ፣ «ዜማው ግን…» ብሎ ጀምሮ፣ ወደ እማዬ ዞር ብሎ አይቶ፣ «ዜማው ጥሩ ነው» አለው።

ቃለ መጠይቁ ሲተላለፍ አባዬ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ሰማ። በረከት እንደተባለው «የእናቴ ነው» አለ። ጋዜጠኛዋ «እናትህ ገጣሚ ነበሩ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። አባዬ መልሱን ሳይጠብቅ ሬዲዮኑን ዘግቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ክረምቱ እንደገባ፣ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሴቶቹ ዝናቡ እስኪያባራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሥር ተጠልለው ሲያወሩ አንዷ፣ «የዚያ የበረከት ዘፈን ልጄን አበላሸብኝ፤ ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የምታንጎራጉረው። ግጥሙ ግን፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያስለቅሳል» አለች።

«ያስለቅስ እንጂ!» አለች እማዬ። «የማን መሰለሽ? የማቴ እኮ ነው!»

ወዲያው እጇን አፏ ላይ ብትጭንም ነገሩ ወጥቷል። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጡ። አባዬ ግጥሙ የእሱ መሆኑን አልካደም፤ በበረከት ላይም ክፉ ቃል አልተናገረም። ከመጡት አንዱ፣ ከልባቸው የሚወዱት ሰው፣ እጁን ይዘው «ወንድም ማቴዎስ፣ ጠልተንህ አይደለም። ወጣቱ ምን ይላል? ነገሩ እስኪረሳ ትንሽ ዕረፍ» አሉት።

ሲሄዱ እማዬ «እኔ ነኝ፣ አፌን መያዝ አቅቶኝ!» እያለች አለቀሰች።

«ደስ ብሎሽ ነው» አላት አባዬ። «እኔም ብሆን እናገር ነበር።»

ነገሩ ሳይረሳ ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም አለፈ። ሰው መሞቱን አላቆመም፤ በራችንን የሚያንኳኳ ግን አልነበረም። ለቅሶ ሲኖር አባዬ ከሌላው ሰው ጋር ኋላ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ሰምቶ ይመለስና፣ ወንበሩ ላይ እጆቹን አጣምሮ ይቀመጥ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ልቡን ታመመ፤ ሐኪም ቤት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

የእሱን የሕይወት ታሪክ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ጻፈው። የትውልድ ቦታው፣ ትምህርቱ፣ ያገለገለበት ዘመን ሁሉ በትክክል ተጽፏል። አንባቢው «ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ሕዝቡ ግን አልተንቀሳቀሰም። በየጃንጥላው ሥር እንደቆመ፣ እንደ ልማዱ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። አንባቢው ግራ ገብቶት ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። በረከት ከሁሉም ኋላ፣ አጥሩ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት፣ አባዬ የጻፈላቸውን ቤቶች እየዞርኩ ወረቀቶቹን ጠይቄ ነበር። አንዷ ቤት ስንቀይር ጠፋ አለችኝ፤ አንዱ ከአባቱ ጋር ሬሳ ሳጥን ውስጥ አብሮ መቀበሩን ነገረኝ፤ ሌሎቹም ግጥሙ ጥሩ እንደነበረ እንጂ ቃሉን አያስታውሱም። ከአባዬ ሥራ የተረፈው በረከት የዘፈነው ብቻ ነው።

ያኔ ያ ዘፈን ሲመጣ ጆሮዬን እደፍን ነበር፤ አባዬን ዝም ያሰኘው እሱ ይመስለኝ ነበርና። ምናልባት አልተሳሳትኩም። ባለፈው ሳምንት ግን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደ ቤት ስሄድ ባጃጁ ውስጥ ዘፈኑ ጀመረ፤ ሹፌሩ «እዚህ አይደል እንዴ የምትወርጂው?» ሲለኝ «ትንሽ ወደፊት» አልኩትና፣ ሲያልቅ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ተመለስኩ።