የልብስ ሰፊዋ ምስክርነት

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በመርፌዋ ነበር። ሱቋ ከገበያው ጀርባ ያለች፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። እህል ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ በቢላ ተወግቶ በሞተበት ምሽት፣ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው አንድ ተሸካሚ ነው። ትከሻው ላይ የተተረተረውን ኮቱን እየሰፋችለት ሳለ የነጋዴውን ጩኸት አብረው ሰሙ።

ተሸካሚው በቆዳው መጥቆር ከተማው «ጥቀርሻ» ከሚላቸው ወገን ነበርና፣ ሕዝቡ ገዳይ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። መንገድ ላይ ይዘው እስኪበቃቸው ቀጠቀጡት። ከመጋዘኑ ሲሮጥ አየሁት ብሎ የመሰከረበት ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ወንድም፣ ሥጋ ሻጩ ነው። እሷ በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የምታውቀውን ብትናገር፣ መርማሪው አንድም ቃል ሳይጽፍ ወደ ስፌትሽ ተመለሽ አላት። ተሸካሚው በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት።

ይግባኙን የያዘው ጠበቃ አፈላልጎ አገኛት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሱ ገመድ ግን እስኪጠራ አይቆይም» አላት። እመጣለሁ አለችው።

ወንድሟ ይህን ሲሰማ መጥቶ መቀመጫዋ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ዘር ከልጓም ይስባል፣ እህቴ። ለጥቀርሻ ብለሽ እኔን ልታሳስሪኝ ነው?»

«ኮቱ እኮ እጄ ላይ ነበር።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አላት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሜ ተሳስቶ ነው እያለች ራሷን ስታባብል ኖራለች።

ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ባል የሌላት ሴት በምሽት ከጥቀርሻ ጋር ምን ትሠራ ነበር ሲል አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ልብሱን እሰፋ ነበር» አለች። ወንድሟ ያላትንም ሳታስቀር ተናገረች። እሱ አቀርቅሮ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

ዳኞቹ የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። እሱን እስከ መልቀቅ አላመኗትም፤ ቃሏን ንቀው ሊሰቅሉትም አልደፈሩም። ጠበቃው ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። እናቷ ስትሞት እንኳ ያረዳት ዘመድ የለም፤ ከመንገደኛ ሰምታ ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆማ ተመለሰች።

እሁድ እሁድ ዳቦ ይዛ ወኅኒ ቤት ትሄዳለች። አንድ ቀን ተሸካሚው ከሽቦው ማዶ ሆኖ፣ «አንዳንዴ ገመዱ ይሻለኝ ነበር እላለሁ» አላት።

ዳቦውን አቀበለችው፤ ተቀበላት። ጠባቂው ሰዓት አልቋል እስኪል ድረስ ከሽቦው ወዲህና ወዲያ ቆሙ።