ያላዘዝኩት አዮዲን

ስዊዘርላንድ ውስጥ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዲቲኮን ስኖር አንድ ቀን ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ያላዘዝኩት መድኃኒት አገኘሁ። የጎረቤቶቼም ሣጥን ውስጥ እንዲሁ ተቀምጧል። አብሮት የመጣው ደብዳቤ ረጅም ጀርመንኛ ስለሆነብኝ ተውኩትና ከፓኬቱ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ለቀምኩ፤ አዮዲን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካወቅሁ የቀረውን ከራሴ የምሞላ ሰው ነኝ። የቋንቋ አስተማሪያችን ድሮ የስዊዝ ተራራ ሰው በእንቅርት ይሠቃይ እንደነበርና አዮዲን ያለበት ጨው እንደገላገለው ነግራን ነበር። መንግሥት ዛሬም ነገሩን አልረሳውም ብዬ አደነቅሁ።

እኔንና እህቴን ያሳደገችን ደሴ ያለችው አክስታችን፣ እንቅርቷን በሻሽ እየሸፈነች ነው ያረጀችው። ቅዳሜ በባቡር ጄኔቭ ሄጄ፣ እዚያው ኦኔ የሚባል ሰፈር ለምትኖረው እህቴ መድኃኒቱን ሰጠኋት፤ አገር ቤት የምትሄድ ጓደኛ ነበረቻት። እህቴ ፓኬቱን እያገላበጠች፣ ለእኛ ግን አልሰጡንም አለች።

ይህ ከነከነኝ። አንድ አገር፣ አንድ መንግሥት፤ የዙሪክ አንገት ከጄኔቭ አንገት በምን ይበልጣል? ሁለት ሳምንት ሙሉ መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩትን ሁሉ በጥያቄ ሳደርቅ ከረምኩና በመጨረሻ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቷ ካርታ አውጥታ አሳየችኝ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በኑክሌር ኃይል መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። አደጋ ደርሶ ጨረር ያለው አዮዲን ቢያመልጥ፣ ትእዛዝ ሲሰጥ ኪኒኑ ይዋጣል፤ አንገታችን ውስጥ ያለው ዕጢ ቀድሞ በደህናው ስለሚጠግብ መጥፎውን አይቀበልም። ጄኔቭ ግን ከእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ሩቅ ናት። ደስ አለኝና ጥያቄ በጥያቄ አደረግኋት። ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ ምን ይሠራል አልኳት። ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል አለች። ያ ሁሉ ጣጣ ውኃ ለማፍላት ነው ብዬ ሳቅሁ።

እየሳቅሁ የአክስቴን ነገር አነሳሁባት። እሷ አልሳቀችም። ለቆየ እንቅርት፣ ያውም ለአሮጊት፣ ይህን ያህል አዮዲን ልብ ሊያውክ ስለሚችል ፈጽሞ እንዳትወስድ አለችኝ። የእህቴ ጓደኛ ደሴ ደርሳ ኪኒኑን ካስረከበች አራት ቀን ሆኗታል።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለአክስቴ ደወልኩ። አክስቴ፣ አወሳሰዱን ሳትነግረኝ እንዴት እወስዳለሁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አለችኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ግድግዳ ተደገፍኩ። ከዚያ ስለ ጣቢያውም፣ ስለ አደጋውም፣ ኪኒኑ ለየቤቱ ስለመታደሉም ነገርኳት።

«ለአንተ ስንት ሰጡህ?» አለች።

«አንድ ፓኬት።»

«እሱን ነው ለእኔ የላክኸው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንተ ምን ቀረህ?»

ያን ያህል ሰው ስጠይቅ ከርሜ ይህቺ ጥያቄ በሐሳቤ አልመጣችም ነበር። አክስቴ መልሴን አልጠበቀችም። የእህቴ ጓደኛ መቼ እንደምትመለስ ጠየቀችኝና፣ ኪኒኑን ይዛልኝ እስክትመጣ ድረስ ከዚያ ሰፈር ወጥቼ ጄኔቭ እህቴ ዘንድ እንድከርም አዘዘችኝ።