ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒውተር

እኔ ኮምፒውተር አልጠላም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኃላፊያችን በየስብሰባው «አንዳንድ ነባር ሠራተኞች ቴክኖሎጂ ይፈራሉ» እያሉ ወደ እኔ ስለሚያዩ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሳውስና ስቀበል ኖሬአለሁ። ድሮ መሣሪያዬ አንድ ትልቅ መዝገብና እስክሪብቶ ነበር። ተማሪው ሲወስድ ይፈርማል፣ ሲመልስ እኔ እፈርማለሁ፣ አለቀ። መብራት ጠፋ አልጠፋ ሥራው አይቆምም።

ያቺ ልጅ የመጣችው ሮብ ጠዋት ነው፤ መዝገቡ ቀርቶ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ከሆነ ገና ጥቂት ወራችን ነበር። የአንኮበር ልጅ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ስትወጣ እንደ ብዙዎቹ ክሊራንሷን ሳታስጨርስ ነበር የሄደችው። ክሊራንስ ማለት ከየክፍሉ «ይህች ተማሪ የኮሌጁ ንብረት የለባትም» የሚል ፊርማ መሰብሰብ ነው። ፈራሚው ሰባት ነው፤ ከሰባቱ ሦስቱ ወንበራቸው ላይ የሉም፤ ተማሪው ይሰለችና ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብሎ አገሩ ይገባል።

አሁን እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ የመምህርነት ቅጥር ወጥቷል። እናቷ ካሉበት በእግር የምትደርስበት ትምህርት ቤት ነው። ምዝገባው አርብ አሥር ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ዋናውን ዲግሪ ያልያዘ አይመዘገብም። ዲግሪው ደግሞ ያለ ክሊራንስ አይሰጥም። ስድስቱን ፊርማ በአንድ ጠዋት ሰብስባ፣ የቀረው የእኔ ብቻ ሆኖ፣ እየሳቀች ገባች።

መታወቂያ ቁጥሯን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ በቀይ «ያልተመለሰ መጽሐፍ፦ አንድ» አለ።

«እኔ መልሻለሁ እኮ እትዬ» አለች። «እርስዎ ነዎት የተቀበሉኝ። እንዲያውም ሽፋኑን በፕላስተር ለጥፌ ስላመጣሁት አመስግነውኝ ነበር።»

ትዝ አለኝ። መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፤ መጽሐፉ ከነፕላስተሩ ቁጭ ብሏል። አዲሱ የባርኮድ ወረቀት ጀርባው ላይ ተለጥፎበታል። በእጄ ይዤው ስመለስ ኮምፒውተሩ አሁንም መጽሐፉ እሷ ጋ ነው ይላል። ባርኮዱን ሳነብለት ይህ ሌላ ቅጂ ነው አለ፤ ለካ ባርኮድ ስንለጥፍ አዲስ ቁጥር ሰጥተነው ኖሯል። ደሜ ፈላ። መጽሐፉን ስክሪኑ ፊት ደቅኜ «ይኸውልህ! እየው!» ብዬ እንደ ሰው ጮህኩበት። የሚያነቡት ተማሪዎች ቀና ብለው አዩኝ።

የአይሲቲ ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ። «መሰረዝ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው እትዬ፤ ግን ያለ ኃላፊው ፊርማ አልነካም» አለ። ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፉን አገላብጠው አዩት።

«ሲስተሙ እኮ ዝም ብሎ አይሳሳትም» አሉ። «ስህተት ካለ ያስገባው ሰው ነው የተሳሳተው። ያ ሰው ስህተቱን በጽሑፍ ያምጣና ወዲያው እፈርማለሁ።»

«ያስገባው ሰው» ሲሉ ማንን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መዝገቡን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ ጣቴ በብርድ እየደነዘዘ፣ አንድ ፊደል ስፈልግ ሁለት ጊዜ እያዛጋሁ። በንዴት ቁልፌን ይዤ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረድኩ። ልክ መሆኔን ላሳያቸው ነው።

አሮጌውን መዝገብ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አገኘሁት። የተመላሾቹ ገጽ ላይ የልጅቱ ስም አለ፤ ጳጉሜ 3 መለሰች፣ ፊርማዬም አለ። ደስ ብሎኝ መዝገቡን ልዘጋው ስል ግን ዓይኔ ጠርዙ ላይ ሄደ። ያኔ እያንዳንዱን መስመር ኮምፒውተር ውስጥ ሳስገባ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጭረት አደርግ ነበር። የነሐሴ መስመሮች ሁሉ ጭረት አላቸው። የጳጉሜዎቹ አሥራ አንዱም የላቸውም።

ነገሩ ያኔ መጣልኝ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንድንጽፍ ተስማምተን ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ጥቅምት 30 ብዬ ስጽፍለት የእነሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሌለው እምቢ አለ፤ ጥቅምት 28 ብዬ አታለልኩት። ጳጉሜ ላይ ስደርስ ማታለያም ጠፋ። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። ባለሙያውን እጠይቃለሁ ብዬ ዘለልኩት። እንዳልጠይቀው ደግሞ፣ ሥልጠናው ላይ «ገባችሁ?» ሲል ከሁሉ ቀድሜ «ገብቶናል» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ነገ ስል ረሳሁት።

መዝገቡን ይዤ ወጥቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። አላደረግኩትም። መዝገቡን መልሼ ወንበሮቹ ሥር ሸጎጥኩት። ኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ጽሑፍ ሲያነቡት፣ ጓደኞቼም አንገታቸውን ሲደፉ ታየኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መጽሐፍ ያልጠፋብኝ ሴት በአንድ ወረቀት መሳቂያ ልሆን ነው? አልኩ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ መፈለግ ያዝኩ። ሮብ ከሰዓት ባለሙያውን ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ሐሙስ ለዲኑ አቤት ልል ሄድኩ፤ አዲስ አበባ ናቸው ተባልኩ። ከሰዓት መብራት ጠፋ። ከኃላፊው ጋር ሁለት ጊዜ ተጨቃጨቅኩ፤ መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ ጣል አድርጌ «ዓይንዎ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ የሚያየው?» አልኳቸው። ኮምፒውተሩን ረገምኩ፣ ያመጡትን ረገምኩ፣ ባርኮዱን ረገምኩ። ልጅቱ ሁለቱንም ቀን ከንባብ ክፍሉ ጥግ ቁጭ ብላ በተስፋ ታየኝ ነበር። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ብድግ ትላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው፤ የበላሁት እኔ፣ የምትመታው እሷ።

አርብ ጠዋት ስገባ ቀድማኝ መጥታለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጥፋ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋለች። «ዛሬ ካልሆነ እንግዲህ መሄዴ ነው እትዬ» አለች፤ ድምጿ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ተቀመጥኩና ጻፍኩ። «የጳጉሜን ተመላሾች ሳላስገባ የቀረሁት እኔ ነኝ።» ከነፊርማው አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሲወጡም የአርብ ምሳ ሰዓት ደርሶ ሄዱ። ሰባት ተኩል ላይ ተመልሰው አንዴ አነበቡትና ፈረሙ። ያ ሁሉ የፈራሁት ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ምንም አልመጣም። ባለሙያው ቀዩን ጽሑፍ አጠፋ፤ እንዳለውም ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀበት። ልጅቱ ሬጅስትራር ሮጣ ዲግሪዋን ስትቀበል ስምንት ተኩል አልፎ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የአንኮበሩ ሚኒባስ ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ረዳቱ እስኪሞላ አንንቀሳቀስም አለ። በመስኮቱ እጇን አውለበለበችልኝ።

አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አልደረስኩም እትዬ» አለች። «ስገባ ዝርዝሩን ዘግተው ፈርመውበታል። ለከርሞ ካወጡ እንግዲህ...» ከጀርባዋ የሴት ድምፅ፣ እናቷ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ «አመስግኛቸው» ሲል ይሰማኛል። «እርስዎን ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ለእኔ ብለው ከሰው ተጣሉ። እናቴም እንደርስዎ ያለ ሰው የት ይገኛል እያለች ነው። ለመሆኑ ስህተቱ የማን ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ጥፋቴን ለኃላፊው ያመንኩበት ጽሑፍ ከነፊርማዬ ፋይል ገብቷል። እሷ ግን አላየችውም።

«ምን ይደረግ ልጄ» አልኳት፣ «ኮምፒውተሩ ነው።»