የእትዬ ጥሩወርቅ እልልታ

ከልጅነቴ ድምፆች ሁሉ ጎልቶ የቀረልኝ የእትዬ ጥሩወርቅ እልልታ ነው። ከሠፈራችን ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ሲሰማ፣ «ደግሞ የማን ቤት ደስ አለው?» ይባል ነበር።

በሌላ ነገር የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ይኸው ነው ታሪካቸው። ነገር ግን በሠፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ሲድር እልልታውን የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። ከሳቸው በፊት አፏን የምትከፍት ሴት አልነበረችም። ማንም አልደነገገውም፤ እንዲያው ልማድ ሆኖ ቀረ።

አምና እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ወዲህ ግን ድምፃቸው ሻከረ። ሰርግ ቤትም መሄድ ተዉ። «ያ ድምፅ ከሄደ እኔ ማን ነኝ? አንዲት አሮጊት!» አሉኝ አንድ ቀን።

የጎረቤታችን የሃዎ ልጅ ፋርሂያ የተዳረች ዕለት፣ ሙሽራዪቱ ተኳኩላ ተቀምጣለች፤ ደጅ የመኪናው ጥሩንባ ይጮኻል፤ ክፍሉን የሞላነው ሴቶች ግን ጭጭ። እርስ በርስ ተያየን። ሃዎ ብድግ ብላ ወጣችና እትዬ ጥሩወርቅን እየጎተተች ተመለሰች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ልጄ እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ተብላ ትውጣ?»

«ሃዎዬ፣ የተሰነጠቀ ቃጭል ምን ያደርግልሻል?»

«ወላሂ፣ ካንቺ በፊት ማንም አይጀምርም! እስኪመሽ እንቀመጣለን።»

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። የወጣው ድምፅ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ ነበር፤ መሐል ላይ ተቆረጠ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ያን ጊዜ ከዓይነ ርግቡ ሥር ያው የሳቸው እልልታ፣ መጨረሻው ላይ ሽቅብ የምትዘለዋ ነገር እንኳ ሳትቀር፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ሙሽራዪቱ ናት!

«ኧረ ጉድ! ሙሽራ ለራሷ እልል ትላለች?» ብላ አክስቷ ሙልኪ ጮኸች።

«ምን ላድርግ? እናንተ ተኝታችኋል!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከሳቁ መሐል ሙልኪ ተቀበለች፤ ሃዎ ተቀበለች፤ እኔም ተቀበልኩ። የሁላችንም ድምፅ መጨረሻው ላይ ሽቅብ ዘለለ። ሌላ ዓይነት አናውቅማ!

እትዬ ጥሩወርቅ ግራ ተጋብተው አንዳችንን ከሌላችን እያዩ አዳመጡ።

«እንዴ! ይሄ የኔ ነው እኮ» አሉ።

«ያንቺ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?» አለቻቸው ሃዎ።

አንገታቸው ቀና አለ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ። ሙሽራዪቱን እጇን ይዘው አስነሧት፤ ከዚያም በሻካራ ድምፃቸው እልል እያሉ፣ ማናችንንም ሳይሰናበቱ ቀድመዋት ወጡ።