ከውጭ የመጣ ሐዘን

«ኤክሶጌኒ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በአማርኛ እንደፈታሁት አላስታውስም። እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ዕብራይስጥ ለማይገባቸው ወገኖቼ አስተረጉማለሁ። ሳይንሱ ቃሉን የሚጠቀምበት መነሻው ከውጭ ለሆነ ነገር ነው። የስኳር ሕመምተኛ በመርፌ የሚወስደው ኢንሱሊን የገዛ ሰውነቱ ያላመረተው ስለሆነ ኤክሶጌኒ ይባላል። ሰው በደረሰበት ነገር ምክንያት ዓለም ሲጨልምበትም የድሮ ሐኪሞች ሕመሙን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ወጣቶቹ ግን ሐዘን ውስጥና ውጭ ተብሎ አይከፈልም ብለው እየተዉት ነው። እኔ ቃሉ በመጣ ቁጥር «ከውጭ የመጣ» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ዛር ነው በያቸዋ፤ ምን ያሳፍርሻል?» ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳቁም ያደክመኛል።

እናቴ መብላት ስታቆም ይህ ቃል እኔው ቤት ገባ። ሚግዳል ሰፈር ገበያ ከቲማቲም ሻጩ ጋር ተከራክራ ሳታሸንፍ የማትመለስ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። ቀሚሷ ሰፋባት። ከሥራ ስመለስ ጠዋት ያስቀመጥኩላት ምግብ እንደተከደነ አገኘዋለሁ።

ታላቅ እህቷ ጎንደር ውስጥ ሞታለች፤ እኔና ወንድሜ አልነገርናትም። በእኛ ወግ መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያረዳታል፤ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። እዚህ አገር ግን ሽማግሌውም ፈረቃ አለው። አንዱ ፋብሪካ ያድራል፤ አንዷ ባርኔአ ሰፈር ሄዳ የሰው እናት ትጦራለች። ወንድሜ «የደም ግፊቷ ይውረድ» አለ፣ ከዚያ «በዓሉ ይለፍ»፣ ከዚያ ደግሞ «ከጋዛ የሚተኮሰው ሚሳይል ጋብ ይበል»። ዛሬ ነገ ስንል ወራት አለፉ። እሷ ስላልሰማች፣ ሕመሟ ሌላ ነው ብለን ራሳችንን አሳመንን።

በመጨረሻ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሌላ አስተርጓሚ ስላልነበረ ለገዛ እናቴ እኔው ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ሰው የማያጣድፉ ናቸው።

«ኤክሶጌኒ ነው ወይስ ከውስጧ የተነሣ ነው? ይህን ሳላውቅ በመድኃኒት ማደንዘዝ አልፈልግም» አሉኝ። ቀጥለው ራሳቸው ገመቱ፤ «የሚሳይል ማስጠንቀቂያው ሲረን ነው የሚያስፈራት?»

«አዛቃው፣ ሲረኑ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አዛቃውንማ ለምጄዋለሁ» አለች እናቴ። «ሲጮህ መጠለያው ክፍል፣ ማማድ፣ እገባለሁ፣ ሲያልፍ እወጣለሁ።»

«ታዲያ ሰው ሞቶባታል? ጠይቂያት» አሉ።

አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚለው፤ መቀነስ የለም። እኔ ግን ቀነስኩ። «ከውጭ የመጣ ነገር አለ ወይ ይላሉ» አልኳት።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከውጭ የመጣውንማ ደብቃችሁ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።»

ዓይኔን ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ መለስኩ፤ እሷ ቀጠለች።

«እህቴ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር። ስልኳ ተበላሸ አላችሁኝ። ስልክ ሲበላሽ ሰው አብሮ ይበላሻል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። መርዶ ነጋሪዎቹ መቼ ነው የሚመጡት እያልኩ ጠዋት ጠዋት ስጠብቃችሁ ከረምኩ። ሳትነግሩኝ ብጮህ ጎረቤቱ አበደች አይልም? ሰው ሳያረዳኝ፣ ሰው ሳይቀመጥልኝ፣ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ላልቅስላት?»

ሐኪሙ «ምን አለች?» አሉ። በዕብራይስጥ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «መድኃኒቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ታልቅስ» አሉ።

ወደ እናቴ ዞሬ እጇን ያዝኩ። እዚያው ልነግራት ነበር፤ ከዚህ በላይ መሸከም አቅቶኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ከእጄ አላቃ አስቆመችኝ።

«እዚህ አይሆንም። ሐኪም ቤት ተቀምጬ የእህቴን መርዶ አልሰማም። ነገ በጠዋት ሰዎቹን ይዛችሁ ኑ። እስከዚያ እኔ ምንም አላውቅም።»

ያን ቀን ከሰዓት ስልክ ስደውል ዋልኩ። ወራት ሙሉ አይሰበሰቡም ያልናቸው ሰዎች በአንድ ቀን «እሺ» አሉ። ፋብሪካ የሚሠራው አጎቴ «እስከ ዛሬ ለምን አልጠራችሁኝም?» ብሎ ተቆጣ። በወንድሜም በራሴም ተናደድኩ።

ያን ሌሊት ወንድሜ ቤት አደርኩ፤ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሰዎቹን ይዘን እናቴ ዘንድ ገባን። ሳሎኑን ሳይ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሶፋው ግድግዳ ድረስ ተገፍቷል፤ ከጎረቤት የተዋሰችው የፕላስቲክ ወንበር ዙሪያውን ተደርድሯል። ያንን ሁሉ ብቻዋን ነው ያደረገችው፣ ምግብ ከቀመሰች የቆየች ሴት። እናቴ መኝታ ቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። ስንገባ እንደ ደነገጠ ሰው ብድግ አለች።

«ምነው በጠዋቱ? ደግ ነው?» አለች።

ወንድሜ አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። እናቴ እጁን ያዘችውና «በል ልጄ» ብላ በሹክሹክታ አደፋፈረችው። ከዚያ ጠበቀችው። እስኪናገር ድረስ አልጮኸችም።